ጊዜዎ አልቋል

ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ ቡሬ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የሆቴሉ አዳራሽ መስኮቶች ግን በጥቁር ጨርቅ ስለተሸፈኑ ውስጡ የሚታየው በአምፖል ብርሃን ብቻ ነው። አግዳሚዎቹ ተገለባብጠዋል። ወለሉ ላይ የተቀዳደዱ በራሪ ወረቀቶች ተበትነዋል። ከመድረኩ በላይ የተወጠረው ሰማያዊ ጨርቅ «ወገግታ ሁለት መጣላችሁ!» ይላል።

«መብራቱን ማን አበራው?» ስትል ጠየቀች።

በር ላይ የቆመው ሳጅን ባንተአምላክ «እንዳለ ነው፤ ሬሳው ሲገኝም በርቶ ነበር። ጩኸቱ እንደተሰማ ሕዝቡ ወደ ውጭ ፈሰሰ፤ እኛ ደርሰን በሩን ዘጋን። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልነካም» አላት።

የመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ ከመድረኩ ጎን፣ ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ተተክሏል። ሠርክአዲስ ቀረብ ብላ አየችው። በነጩ ፕላስቲክ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ደብዛዛ ቡናማ እድፍ አለች። ለሳጅኑ በእጇ አመለከተችውና «ይኼ ይሸፈን። የአሻራ ባለሙያው ሳያነሣው ማንም እንዳይደርስበት» አለች።

ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች።

ባምላኩ በጎኑ ወድቋል። ከጆሮው ኋላ ያለው ቁስል ከብረት መደርደሪያው ሹል ጠርዝ ጋር ይገጥማል፤ ጠርዙም ደም ነክቶታል። በቀኝ እጁ መፍቻ እንደጨበጠ ነው። አጠገቡ አንዲት ሰማያዊ ሣጥን ተጋድማለች። የጀርባ ክዳኗ ተከፍቶ ብሎኖቿ ተበታትነዋል። ሠርክአዲስ ተንበረከከችና ሰማያዊውን ተለጣፊ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ከሥሩ ቢጫ ቀለም ብቅ አለ። ዕቃ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ አዳራሹ፣ አንዱ ወደ ጓሮ።

ሟቹን በአካባቢው የማያውቀው የለም። የጅጋ ልጅ ነው። ወገግታ የተባለው የፀሐይ መብራት ኩባንያ ወኪል ሆኖ በየቀበሌው ሲዞር፣ ገበሬው ሣጥኗን የገዛው በኩባንያው ስም ሳይሆን በባምላኩ ስም ነው። ሣጥኗ በየወሩ ይከፈልባታል፤ ካልተከፈለባት ራሷን ትቆልፍና ቤቱን ጨለማ ታደርገዋለች። «ሁለት ዓመት ከከፈላችሁ ግን የግላችሁ ናት» ብሎ በየደጀ ሰላሙ የማለው እሱ ነው።

ሠርክአዲስ ወደ ጓሮ ስትወጣ ሽማግሌዎች አንድ ረጅም ሰው ከበው አገኘች። የባምላኩ ታላቅ ወንድም ሃይለ ሚካኤል ነበር። ጠመንጃውን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ እንደመጣ ነገሯት፤ ቤት ሌላ እንዳለው ግን ሁሉም ያውቃል።

«አያ ሃይለ ሚካኤል፣ እግዚአብሔር ያጥናዎ» አለችው።

«ያጥናን። የዛተበትን ላቀውን ይዛችሁታል አሉኝ።»

«ለጥያቄ ነው የያዝነው። ገና አልተጣራም።»

ሃይለ ሚካኤል መሬት መሬቱን እያየ «እኔ ምንም አልልም። ነገ ወንድሜን አፈር ላልብሰው። አፈር ካለበስሁት በኋላ ግን የላቀው ልጆች ከብት ይዘው እንዳይወጡ ንገሯቸው» አለ።

ሠርክአዲስ ያደገችው እዚሁ አገር ነው፤ የተባለው ምን እንደሆነ ገብቷታል። ነገ ከቀብር በፊት እውነቱ ካልታወቀ ሁለተኛ ቀብር ይኖራል፤ ከዚያም ሦስተኛ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አቻምየለሽን ነው። አቻምየለሽ ቡሬ ከተማ ጫጩት እያስፈለፈለች የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በዝግጅቱ ላይ በፊተኛው አግዳሚ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ አቻምየለሽ፣ እርስዎም በኩባንያው ተናደው እንደነበር ሰምቻለሁ።»

«አልደብቅሽም፤ አንጀቴ አርሮ ነው የመጣሁ። ልጆቼን በጫጩት ነው የማስተምር። የማሞቂያው ሣጥን የሚሠራ በዚያች ቢጫ ሣጥን ነው። ከፍያለሁ፤ ከፍዬ ሳለሁ ተቆለፈችብኝ። የመክፈቻው ቁጥር በስልክ ይመጣል ቢሉኝ ኔትወርክ የለ። ሲመጣ ጫጩቶቹ ሊወጡ ቅርፊቱን እንደነደሉት ቀዝቅዘዋል። ምንቃራቸው በቀዳዳው ይታይ ነበር።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ዛሬ ምን ተባለ?»

«አዲስ ነገር አለ ተብለን ሥራ ፈተን መጣን። ማቀዝቀዣ የሚያንቀሳቅስ፣ ውኃ የሚስብ ይመጣል ሲሉን ነው የከረሙ። ያ የአዲስ አበባው አለቃ ቴዎድሮስ ማይክሮፎን ጨብጦ 'ወገግታ ሁለት ይናገራል፣ ሙዚቃ ይጫወታል፣ ስልክ ይሞላል' አለ። ስልክማ የበፊቷም ትሞላ የለም እንዴ! ከዚያ የባሰውን አመጣው። 'የቆዩት ሣጥኖች የግል መሆናቸው ቀርቷል፤ አገልግሎት ስለሆነ በየወሩ እንደተከፈለ ይቀጥላል፤ ዋጋውም ይጨምራል። የራሴ ይሁን የሚል አዲሱን ይግዛ' አለን።»

«ሕዝቡስ?»

«ተነሣ እንጂ! አያ ላቀው 'ባምላኩ! እኛ ያንተን ስም እንጂ የነሱን ሣጥን አልገዛንም! ዛሬ ካላወጣኸን እኔና አንተ ባንድ አገር አንኖርም!' አለና በጎን በር ወጣ። ባምላኩ ፊቱ ዐመድ መስሎ ሁለተኛውን ሣጥን ሊያመጣ ዕቃ ቤት ገባ። ነጋዴው ስሜነህ መብራቱን አጠፋው። ብርሃኑን በጨለማ እንድናይላቸው ነው። ሙዚቃም ለቀቁ፤ ጆሮ ያደነቁራል። ሲበቃቸው ስሜነህ መብራቱን አበራና መጥቶ ከጎኔ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ሙዚቃው ቆመ። ቆይቶ ነው እንግዲህ ከዕቃ ቤቱ የወንድ ድምፅ የሰማሁ። 'ጊዜዎ አልቋል' ይላል።»

ሠርክአዲስ ቀና አለች። «'ጊዜህ' ነው ወይስ 'ጊዜዎ'?»

«ጊዜዎ። ጆሮዬ ደኅና ነው።»

«የማን ድምፅ ነው?»

«እኔ አላወቅሁትም። ስሜነህ ግን 'የላቀው ድምፅ ነው!' ብሎ ተስፈንጥሮ ገባ። ቀጥሎ ጩኸት ሆነ።»

«እርስዎ በጨለማው ከቦታዎ ተነሥተው ነበር?»

«በአግዳሚው ላይ እንደ ድርቆሽ ታጭቀን? አንዱ ካልተነሣ ሌላው አይነሣም።»

ላቀው በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሽበታም፣ እጀ ሰፊ ገበሬ ነው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ሊነሣላት ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«አያ ላቀው፣ ዕቃ ቤት ገብተው ነበር?»

«አልገባሁም ልጄ። ጓሮ ቆሜ ንዴቴን ሳበርድ ነው የያዙኝ። ዛቻውንስ ዝቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል፤ አልክድም። እንዲያ ያልኩት ግን ስለማምነው ነበር። የማታምነውን ሰው ምን ብለህ ትቆጣዋለህ?»

«ባምላኩን ሲያናግሩት ምን ብለው ነው የሚጠሩት?»

ሽማግሌውን ግር አለው። «ምን ብዬ እጠራዋለሁ? ባምላኩ ነዋ። ሲወለድ አውቀዋለሁ፤ እርስዎ እንድለው ነው?»

«ልጆችዎ የት ናቸው?»

«ቤት።» ከዚያ ለምን እንደጠየቀችው ገባውና ጋቢውን ከራሱ ገፈፈ። «እነሱን አስጠብቂልኝ። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።»

ሁለት ፖሊሶች ወዲያውኑ ወደ ላቀው መንደር ሄዱ። ሁለት ፖሊስ ግን ደመኛን ለዘለዓለም አያግድም፤ ሠርክአዲስ ይህን ታውቃለች።

ቴዎድሮስን ያገኘችው በሆቴሉ ክፍል ሻንጣውን ሲዘጋ ነው። ጫማው አቧራ አልነካውም። ድምፁ ግን የመድረኩን ሞገስ አጥቷል።

«እኔ ከመድረክ አልወረድኩም። ባምላኩን 'ሁለተኛውን ሣጥን አምጣ' ብዬ ላክሁት፤ ከዚያ በጨለማውም በብርሃኑም በማይክሮፎን ስናገር ነበር። ሁለት መቶ ሰው ምስክሬ ነው።»

«አውቃለሁ። ከዕቃ ቤቱ ስለተሰማው ድምፅ ምን ይላሉ?»

«የዛተው ገበሬ ድምፅ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ድምፁ ምን እንዳለስ ነገሩዎት?»

ቴዎድሮስ የሻንጣውን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። «ስለ እሱ አልጠየቅሁም። ይልቅ ሣጥኑን መቼ ትመልሱልኛላችሁ? የኩባንያው የፈጠራ ምስጢር ነው፤ ማንም ሊከፍተው አይገባም።»

«ተከፍቷል» አለች ሠርክአዲስ።

ሰውየው አልጋው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ነገር አልጠየቀችውም።

የመጨረሻው ስሜነህ ነው። የቡሬ ነጋዴ ሲሆን የባምላኩ አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣለት ባምላኩ ነበር። ከሱቁ በላይ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ «የወገግታ ሁለት ዋና አከፋፋይ» ይላል። ስሜነህ የኮቱ እጅጌ ደም እንዳለበት ተቀምጦ ያለቅሳል።

«በዚህ ሰዓት ስላስቸገርሁዎ ይቅርታ። ማስታወቂያው አዲስ ነው?»

«ትናንት ነው የተሰቀለ። ቤቴን ለባንክ አሲዤ ነው አከፋፋይነቱን ያገኘሁ። አሁን ምን ያደርግልኛል? ወንድሜ ሞተ!»

«መብራቱን ያጠፉትም ያበሩትም እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሥራዬ እሱ ነበር፤ ሌላ ማንም አልነካው።»

«ዕቃ ቤት ከገቡ በኋላ ምን አደረጉ?»

«ባምላኩን አቅፌ አነሣሁት። አይናገርም። ያኔ በጓሮ በር ሮጬ ወጣሁ፤ ላቀው እዚያ ቆሟል። ያዝነው። ከዚያ ከፖሊሶቹ ጋር ጣቢያ ሄድሁ፤ ቃሌን ሰጥቼ ወደዚሁ መጣሁ።»

«ወደ አዳራሹ ተመልሰው ነበር?»

«በየት አንጀቴ? እስካሁን አልረገጥሁትም።»

«ድምፁ የላቀው መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«እንደ አባቴ ድምፅ ነው የማውቀው» አለ ስሜነህ፤ ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተክሎ።

በማግሥቱ ጠዋት ሬሳው ወደ ጅጋ ከመጓዙ በፊት ሠርክአዲስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። የሬሳ ሣጥኑን የጫነችው መኪና ከደጅ ቆማለች። ሃይለ ሚካኤል ጥቁር ለብሶ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጠ። ላቀው እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ገባ። የሟቹ ዘመዶች እሱን ሲያዩ አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ።

«ቀብር አለብን» አለ ሃይለ ሚካኤል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። «ንግግር ልንሰማ አልመጣንም።»

«ረጅም አይደለም፤ አያ ሃይለ ሚካኤል። እትዬ አቻምየለሽ፣ ትናንት የነበሩበት ቦታ ይቀመጡልኝ። አቶ ስሜነህ፣ እርስዎም ከጎናቸው።»

ተቀመጡ። ሠርክአዲስ እጇን አንሥታ ሁሉንም ዝም አሰኘች። ከደጅ የባጃጅ ድምፅ አለፈ። ከዚያ ከተዘጋው የዕቃ ቤት በር ኋላ የወንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያውና መጨረሻው በወፍራሙ በር ታፍኗል፤ መካከሉ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

«...ጊዜዎ አልቋል...»

አቻምየለሽ አማተበች። «እሱ ነው! በማርያም፣ ትናንት የሰማሁት እሱ ነው!»

ሃይለ ሚካኤል ዘሎ ተነሣና በሩን በረገደው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳጅን ባንተአምላክ ብቻውን ቆሟል። እጁ ላይ ያለችው ሰማያዊ ሣጥን ደግማ ተናገረች፤ «የአገልግሎት ጊዜዎ አልቋል። እባክዎ ይክፈሉ።»



«ትናንት ከዚህ ክፍል የተናገረ ሰው አልነበረም» አለች ሠርክአዲስ። «መጀመሪያ ያጠራጠረኝ ቃሉ ራሱ ነው። ባምላኩን በዚህ አዳራሽ 'እርስዎ' የሚለው ሰው ማነው? አያ ላቀው በዕድሜ አባቱ ናቸው። አቶ ቴዎድሮስ አለቃው ናቸው። አቶ ስሜነህ አበልጁ ናቸው። ሁሉም 'አንተ' ነው የሚሉት። ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ ያልነበረ አክብሮት አይጨምርም፤ የነበረውንም ይጥላል። ስለዚህ የሚናገረው ማንን እንደሆነ የማያውቅ ነገር ነው ብዬ አሰብሁ። ሣጥኑን ስመረምረው ነገረኝ። ባምላኩ ለሙከራ አስነሥቶት ነበር፤ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ በራሱ ተናገረ። ያን ጊዜ ባምላኩ ሞቷል።»

ወደ ቴዎድሮስ ዞረች። «ይህን ቃል ሣጥኑ ውስጥ ያስቀዱት እርስዎ ነዎት። ከተማው ሁሉ ሲያወራው አድሯል፤ እርስዎም ሰምተዋል። ዝም አሉ። ለምን?»

ሠርክአዲስ ሣጥኗን ከሳጅኑ ተቀብላ ክዳኗን ከፈተች፤ ሰማያዊውን ተለጣፊም ከዳር እስከ ዳር ገሸለጠችው። ከሥሩ ሁሉም ሰው በየቤቱ የሚያውቃት ቢጫ ሣጥን ወጣች። የተጨመረባት ነገር ቢኖር እንደ ክብሪት ቀፎ ያለች ድምፅ ማጉያ ናት።

«ይቺው ናት?» አለች አቻምየለሽ። «አዲሱ ይቺው ናት? የኔን ጫጩት የጨረሰች?»

አዳራሹ ተናወጠ። ሠርክአዲስ እስኪረጋጉ ጠበቀች።

«ባምላኩም ይህን ያወቀው ትናንት ነው። አያ ላቀው 'ዛሬ ካላወጣኸን' ሲሉት ከልቡ ሰምቷቸዋል። ዕቃ ቤት ገብቶ ሣጥኑን በመፍቻ የከፈተው ለናንተ አውጥቶ ሊያሳያችሁ ነው። መፍቻው በእጁ እንዳለ ነው የሞተው።»

ላቀው ካቴና ባለበት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«እንግዲህ ድምፁ የሰው ካልሆነ፣ ባምላኩ የሞተው ድምፁ በተሰማበት ሰዓት ነው የምንልበት ምክንያት የለም። ከዚያ በፊት ሞቷል። መቼ? ሲገባ ሁሉም አይቶታል። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፤ ሙዚቃው ጮኸ፤ ሰው ቢወድቅ የማይሰማበት ያ ጊዜ ብቻ ነው። አቶ ቴዎድሮስ በማይክሮፎን ይናገራሉ። እትዬ አቻምየለሽ በሰው ታጭቀዋል። በጓሮ በር ሰው ገብቶ ይሆን? ይቻላል፤ አያ ላቀውም እዚያ ነበሩ። ነገር ግን ይቺን ተመልከቱ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አሳየች።

«የሆስፒታሉ ሐኪም ደም ነው ብሏል። አሻራም ተነሥቷል። ሬሳው ሲገኝ አምፖሉ ቀድሞ በርቷል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ምሽት ማንም አልነካውም። ስለዚህ ደሙ የቀረው መብራቱ ሲበራ ነው፤ ማለትም ሬሳው ከመገኘቱ በፊት። ያ እጅ ደም የነካው ማንም ስለ ሞት ገና ሳያውቅ ነው። መብራቱን ማን አበራው?»

አቻምየለሽ በአግዳሚው ላይ ከጎኗ ካለው ሰው ፈቀቅ አለች።

«እኔ... ሬሳውን ሳነሣ ነው ደም የነካኝ» አለ ስሜነህ።

«ሬሳውን ካነሡ በኋላ ወደ አዳራሹ እንዳልተመለሱ ነግረውኛል። አያ ላቀውም በጓሮ በር ሲወጡ አይተዋል፤ ከዚያ ከፖሊሶቹ ጋር ነበሩ። ደሙን ማንም እንዳይጠረጥር ነው መጀመሪያ ሮጠው ገብተው ያቀፉት። ድምፁ ግን ድንገት ነው የመጣልዎ። ሬሳ ካለበት ክፍል ድምፅ ሲወጣ ምን እንደተሰማዎ አላውቅም። ነገር ግን ፈጥነው 'ላቀው ነው' አሉ። እንደ አባትዎ ድምፅ የሚያውቁት ድምፅ የዚህ ሣጥን ነበር።»

ስሜነህ መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«'ለሕዝቡ አሳያለሁ' አለኝ። ለመንሁት። 'ቤቴን አሲዣለሁ፤ ልጅህ፣ የክርስትና ልጅህ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው' አልሁት። 'እኔም ስሜን አሲዣለሁ' አለኝና ሊያልፈኝ ሲል ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው! ብረቱን አላየሁትም፤ ጨለማ ነበር። ወንድሜን ልገድል አልገባሁም!»

«ያን አምንዎታለሁ» አለች ሠርክአዲስ። «ዳኛም ይመረምረዋል።»

ሃይለ ሚካኤል ወደ ስሜነህ ተራመደ። ፖሊሶቹ እጃቸውን ወደ መሣሪያቸው ሰደዱ፤ ሠርክአዲስ በዓይኗ ያዘቻቸው። ሰውየው ስሜነህ ራስጌ ላይ ቆመ። እጁ ባዶ ነው።

«ወንድሜን በቁጣ ገደልኸው» አለ ዝግ ብሎ። «እኔን ግን ተረጋግተህ፣ አስበህ፣ ዛሬ ማታ ነፍሰ ገዳይ ልታደርገኝ ነበር። የላቀውን ልጆች ልገድል ነበር። ትናንት ማታ እንባህን እየጠረግህ ከኔ ጋር ተቀምጠህ፣ ታውቀው ነበር።»

ስሜነህ አንገቱን ቀና አላደረገም። ወሰዱት። ቴዎድሮስንም ለተጨማሪ ምርመራ አብረው ወሰዱት፤ ሲወጣ ከሁለቱም ወገን የቆመው ሕዝብ አልሰደበውም፤ መንገድ ብቻ ለቀቀለት፤ አቻምየለሽ ግን ቢጫዋን ሣጥን አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

የላቀው ካቴና ተፈታ። የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ። ሃይለ ሚካኤል ፊት ለፊቱ መጥቶ ቆመ። ሽማግሌው ጋቢውን አጣፋና «ይረፍድባችኋል። ቀብሩ ሩቅ ነው» አለው።

ከደጅ መኪናዋ ሞተሯን አስነሥታለች። ሃይለ ሚካኤል የፊተኛውን በር ከፍቶ ላቀውን በክንዱ ደግፎ አስገባው። እሱ ግን ከኋላ ወጣ፤ ከወንድሙ የሬሳ ሣጥን አጠገብ ተቀመጠና እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ።